ለእንግዳ የተሞላው ጉድጓድ

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ወትፋ፣ በሁለት እጇ የሰው ሱሪ ዚፕ እየፈታች፣ የመንገዶች ቢሮ የሚያሰማትን ሙዚቃ መስማት ከጀመረች ሰንብታለች። ሙዚቃው ያው አንድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይላት ነበር፤ አሁን ግን ገና ሲነሳ ጨጓራዋን ይልጠዋል። ሙዚቃው ሲያበቃ አንዲት ልጅ ትመጣለች፤ ድምጿ ማር ነው። «ጥቆማዎ ተመዝግቧል፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ትላለች። ከዚያ በኋላ ጥቆማውን ውሃ በላው ማለት ነው። በሳምንቱ ሲደወልላት ምንም እንዳልሰማ ሰው እንደገና «ምን ልታዘዝ?» ትላለች።

ጥቆማው የጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሲጀምር ሰሃን ቢያክል ነው። ዛሬ በግ ቢተኛበት ይበቃዋል። ከእሱ በኋላ ሰፈሩ የገቡ ተከራዮች ስላሉ ስሙን «ነባሩ» ብለውታል፤ ለመንገደኛ አቅጣጫ ሲያሳዩ እንኳ «ነባሩን እልፍ ብለህ ወደ ግራ» ይላሉ። ሰው ከጉድጓድ ጋር እስከዚህ ከተላመደ መቼም ነገሩ አልቆለታል።

ልብስ ሰፊዋን የሚያንገበግባት ግን ጉድጓዱ ራሱ አይደለም። የሌላ ሰው ጎማ ቢፈነዳ፣ የሌላ ሰው ሞተር ቢወልቅ እሷን ምን አገባት። እሷን የሚያንገበግባት ሾፌሮቹ ጉድጓዱን የሚሸሹበት ጎን ነው። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው የሚሸሹት፤ የእግረኛው መንገድ ጠርዙ ተሰብሮ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ወደሆነበት። በዚያ ጠርዝ ላይ ደግሞ በየጠዋቱ ታናሽ ወንድሟ ወደ ሥራ ይሄዳል። ወንድሟ አያይም።

ዐይኑ የጠፋው ካደገ በኋላ ነው፣ በሕመም። እናትና አባታቸው ቀድመው ስላለፉ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሲታመም ያስታመመችውም እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ከአንዲት ክፍል አልወጣም። ሬዲዮኑን ታቅፎ ግድግዳውን ተደግፎ ይውላል፤ ብትለምነው አይሰማ፣ ብትቆጣው አይሰማ። እንዴት እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ አንድ ቀን ራሱ ተነሳ። በነጭ በትር መሄድ ተማረ፣ ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ተቀጠረ፤ ለጥቂት ጊዜም በክንዱ ይዛ አመላለሰችው። ከዚያ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመና፣

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትይዢኝ» አላት።

አልያዘችውም። በሩቁ ተከትላው ሄዳ፣ የሆስፒታሉን በር በበትሩ አግኝቶ ሲገባ አየችና አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ሌላ ሰው ሆነ። ድምፁ እንኳ ወፈረ። ሸሚዝ ያማርጣል፣ በፖለቲካ ይከራከራል፣ ከሰፈሩ ባለሱቅ ጋር ይጣላል፣ ይታረቃል። ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል።

በቅርቡ ግን ነባሩን የሸሸ ሚኒባስ በመስታወቱ ክንዱን መታው። ሰውነቱ ተርፎ በትሩ ተሰበረ። ያን ዕለት ቤት ገብቶ፣ ድምፁን ሳያነሳ እንዲህ አላት፦

«መኪና መንገዱን ይዞ ከመጣ በጆሮዬ አውቀዋለሁ። እኔ ያለሁበት ድረስ ከመጣብኝ ግን ምን ላድርግ? እትዬ፣ አንድ ጊዜ ከተደገመ እኔ ቤቴ ነው የምቀመጠው።»

ታውቀዋለች፤ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። አዲስ በትር ገዛችለት። እሱ በየጠዋቱ እየወጣ፣ እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች በመስኮቱ በኩል ስታየው ትንፋሿን ትይዛለች፤ ነባሩን አልፎ ሲታጠፍ ትተነፍሳለች። ስልኩን የምትደውለው ለዚህ ነው። እሱ ደግሞ የሙያ ነገር ሆኖበት ይቀልድባታል።

«‹ትንሽ ይጠብቁኝ› ካለችሽ ወንበሯ ላይ የለችም። ‹እያጣራሁልዎ ነው› ካለችሽ ግን ጥፍሯን እየቀባች ነው።»

«አንተም እንደዚህ ነው ሕመምተኛውን የምታደርገው?»

«እኔ ጥፍር አልቀባም» ይላታል።

አንድ ቀን ግን ተአምር ሆነ። ማሯ ልጅ ራሷ ደወለችና «ነገ ከሰዓት መሐንዲስ መጥቶ ቦታውን ያያል» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ የምትሰፋውን ቀሚስ ከነመርፌው ጥላ ወጣች፤ ደስታዋን መያዝ አቅቷት መንገዱን ተሻግራ ለመቶ አለቃ ነገረቻቸው። ጥፋቷ እዚህ ላይ ነው። አፏን ብትይዝ ኖሮ ይህ ታሪክ በአስፋልት ያልቅ ነበር።

መቶ አለቃ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ የሰፈሩ ነገር ሁሉ ግን አሁንም በእሳቸው ትእዛዝ ይሄዳል። ጎረቤት ሲጣላ ያስታርቃሉ፣ ውሃ ሲጠፋ ይጮሃሉ፣ ቆሻሻ ያለቦታው የደፋውን ሰው እንኳን እሱን ልጆቹንም አይምሩም። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ደግነታቸው ነው። ለእሳቸው ከቢሮ የሚመጣ ሰው ችግር ሊያይ የሚመጣ ሰው አይደለም፣ እንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቤት ይጠረጋል፣ የተቀደደው ይሸፈናል። በቃ፣ ሌላ አያውቁም።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ «የሚመጣው ከሰዓት ነው» ብላ ገበር ልትገዛ ጅምላ መሸጫ ሄደች። ጥቅሏን ተሸክማ ስትመለስ ገና ከሩቁ እርጥብ አፈር ሸተታት። መንገዱ ተጠርጓል። ውሃ ተርከፍክፎበታል። አጥር ላይ የሚሰጣው ልብስ ሁሉ ተነስቷል። ነባሩ ያለበት ቦታ ላይ ስትደርስ ደግሞ ነባሩ የለም። በጠጠርና በአፈር ጢም ብሎ ተሞልቶ፣ ተጠቅጥቆ፣ ላዩ በአካፋ ጀርባ ተለስልሶ፣ አልጋ መስሏል። ባለሱቁ ከነላቡ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከመቶ አለቃ ቤት በወጣ ወንበር ላይ፣ ቀጠን ያለ ወጣት ለስላሳ እየጠጣ ተቀምጧል። መሐንዲሱ ነው። ቀደም ብሎ መጥቶ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ ሥራውን ጨርሷል።

«ምን አደረጋችሁ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ደረስሽ?» አሉ መቶ አለቃ፣ ፊታቸው እየበራ። «እንግዳችንን ጉድጓድ አፍ ላይ አንቀበልም ብለን ገና አንቺ እንደወጣሽ ተነሳን። መኪናው ቢሰበርስ? ሰፈሩን ምን ይለዋል?»

«እሱ የመጣው እኮ ጉድጓዱን ሊያይ ነው።»

«ነግረነዋል። እዚህ ጋ ነበር ብለን በጣታችን አሳይተነዋል።»

ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «ወንድሜ፣ ይሄ ከንቱ ጠጠር ነው። አንድ ዝናብ አይችልም። ጉድጓዱ ከሥር አለ።»

መሐንዲሱ ጨዋ ልጅ ነበር። ጠርሙሱን አስቀምጦ ተነሳላት። «እህቴ፣ እኔ ያየሁትን ነው የማቀርበው። ከሥር ያለውን ፎቶ ማንሳት አልችልም። ግን እውነቴን ነው፣ እንዲህ የሚተባበር ሰፈር አይቼ አላውቅም።» መቶ አለቃን ጨብጦ፣ ባለሱቁን ጨብጦ፣ እሷንም ጨብጦ ሄደ።

ደሟ ፈላ። ባለሱቁን ብትሰድበው ደስ ባላት፤ ግን ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ሲቆፍር አርፍዶ መዳፉ ውሃ ቋጥሯል። መቶ አለቃን ብትጮህባቸው በወደደች፤ ግን ወገባቸውን ይዘው እያነከሱ ነው ወደ ቤት የገቡት። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ምንኛ በተመቻት። ገበሩን ሱቋ ውስጥ ወርውራ፣ በር ዘግታ፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ደጋግማ መታችበት። ሌላ የምትመታው ነገር አልነበራትም።

ዝናቡ ብዙ አላስጠበቃትም። ዘነበ፣ አፈሩን ወሰደ፣ ጠጠሩን ደግሞ ተሸክሞ የት ያድርሰው? በዚያው በጠርዙ ላይ፣ ወንድሟ በሚሄድበት ላይ በተነው። ነባሩ ታጥቦ፣ ሰፍቶ፣ ጠልቆ ብቅ አለ። በማግስቱ የወንድሟ እግር ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና በጉልበቱ ወደቀ። ከመስኮቱ አየችው። በሩ ድረስ ሮጣ፣ በሩ ላይ ራሷን ገታች። አትያዥኝ ብሏል። እዚያው ቆማ፣ እሱ በትሩን ዳብሶ ሲያነሳ፣ ሱሪውን ሲያራግፍ፣ ሲቆም አየች። ማታ ሲገባ የሱሪውን የተቀደደ ጉልበት ስትጥፍለት፣

«መኪና አይደለም፤ ይሄ አይቆጠርም» አላት።

ቀልድ ለማስመሰል ነበር የሞከረው። ድምፁ ግን የድሮው፣ የግድግዳ ሥሩ ድምፅ ነበር፤ እሷን ያስፈራት ያ ነው።

በነጋታው ሱቋን ዘግታ የመንገዶች ቢሮ ሄደች። ተሰልፋ ተሰልፋ መስኮቱ ጋ ስትደርስ የተቀመጠችው ማሯ ልጅ ናት፤ በድምጿ አወቀቻት። በአካል ሲያገኟት ማሩ የለም። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየችና «ተፈቷል ይላል» አለች።

«ማነው የፈታው?»

«ነዋሪው።»

«ነዋሪው እኮ እኔ ነኝ። አልፈታሁም።»

«እናቴ፣ እዚህ ተፈቷል ይላል። የተፈታ ጥቆማ ደግሞ በዚህ በጀት ድጋሚ አይከፈትም። ቀጣይ ባለጉዳይ።»

ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቱ አልተነሳችም። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ፣ ጥበቃው መጣ፣ እሷ መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ «ከዚህ የምነቃነቀው መሐንዲሱ ሲመጣ ነው» አለች። በኑሮዋ ሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ኮሪደሩ ሁሉ ሰማት። መሐንዲሱ ጫጫታውን ሰምቶ ብቅ አለና ሲያያት እንደ ዘመድ ፈገግ አለላት።

«እንዴት ጥሩ ጊዜ መጣሽ! ስለ ሰፈራችሁ ለኃላፊያችን ነግሬ፣ ደስ ብሏቸው፣ የምስጋና የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው አሉ። መንገዱን በራሱ የጠገነ አርአያ ሰፈር ብለው። ራሳቸው መጥተው ሊሰጡ ነው።»

ከጉድ ጉድ ይሉሃል ይሄ ነው። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አንድ ነገር አሰበችና ዘጋችው። ኃላፊው ራሱ ሊመጣ ነው። ኃላፊው ደግሞ ዐይን አለው።

«በጠዋት ቢመጡልን» አለች፣ ድምጿን አለስልሳ። «ሰው ሥራ ሳይገባ። ሁሉም እንዲያያቸው።» ሰዓቱንም ነገረችው። የነገረችው ሰዓት ወንድሟ ከቤት የሚወጣበት ነው።

ማንም እንዲያውቅባት አልፈለገችም፣ ወንድሟም ቢሆን። ሐሳቧ ቀላል ነበር፦ ኃላፊው እዚያ ይቆማል፣ ወንድሟ በጠርዙ ይመጣል፣ አንዱ ታክሲ እንደልማዱ ነባሩን ሸሽቶ ወደ እሱ ይጠጋል። ሰውየው በዐይኑ በብረቱ ያያል። ጥቆማ አያስፈልግም፣ ፎቶ አያስፈልግም። ወንድሟን እንደ ዕቃ ልታሳይ መሆኑ ይገባት ነበር፤ ሲገባት ደግሞ ፊቷ ይግላል። ግን በስልክ ሞክራ፣ በእግሯ ሞክራ ምን አገኘች?

ጎረቤቶቹን ሱቋ ውስጥ ሰበሰበችና እግራቸው ሥር መውደቅ ነው የቀራት።

«አካፋ የሚያነሳ ሰው እንዳይኖር። እንደ ተከፈተ ይዩት።»

መቶ አለቃ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጡ። «ልጄ፣ መንገድ ጠገናችሁ ብሎ ሊያመሰግነን የሚመጣን ሰው ጉድጓድ አፍ ላይ አቁመን ወረቀቱን እንቀበል? በየት ዐይናችን?»

«ወንድሜ በዚያ ነው የሚሄደው፣ መቶ አለቃ። አንድ ቀን ገጭተውት ቢሄዱ በየትኛው ዐይንዎ ያዩኛል?»

ባለሱቁ መሬት መሬት አየ። «እኛ እኮ አንተወውም» አለ በመጨረሻ፣ «መኪና ሲመጣበት ‹ወደ ቀኝ› ብለን እንጮህለታለን።»

«እሱ እንዲጮኽለት አይፈልግም። መንገድ ነው የሚፈልገው።»

መቶ አለቃ በረጅሙ ተነፈሱ። «ይሁን። ቃሌ ነው፣ አንድ ጠጠር አይነካም» አሉ። በሕይወታቸው እንደዚያ ከባድ ትእዛዝ የተቀበሉ አይመስላትም።

ቃላቸውን ጠበቁ። በቀጠሮው ጠዋት ነባሩ እንደተከፈተ ነበር፤ ማታ የጣለው ዝናብ እስከ አፉ ሞልቶታል። መቶ አለቃ እሷ ራሷ የተኮሰችላቸውን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጉድጓዱን ላለማየት አንገታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ቆመዋል። ባለሱቁ ግን አላስቻለውም፤ ከጉድጓዱ ፊት እግሩን አንፈራጦ ቆሞ በሰውነቱ ሊሸፍነው ይሞክራል። «ዞር በል» ትለዋለች፣ ዞር ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ያው ቦታ ይገኛል።

ኃላፊው ወፈር ያለ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ሳቂታ ሰው ነው። መስታወት የገባለትን የምስክር ወረቀት ለመቶ አለቃ ሰጠ፣ ንግግር አደረገ፣ ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ልብስ ሰፊዋ ቀረበችና «ጌታዬ፣ አንዴ እዚህ ጋ» ብላ ወደ ነባሩ ወሰደችው። ኃላፊው ውሃውን አየ። መሐንዲሱንም አየ።

«ይሄ ነው የተጠገነው?»

መሐንዲሱ ጆሮው ቀላ። «ዝናቡ... ነዋሪው በአቅሙ ነው የሞላው...»

«ጉድጓዱን ሲሸሹ ሾፌሮች እዚህ ላይ ይወጣሉ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በእጇ ጠርዙን እያሳየች። «እግረኛ ላይ። ትንሽ ቢቆሙ ያዩታል።»

«እስቲ እንይ» አለ ኃላፊው፤ ከልቡ ነው ያለው። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ።

መኪና መጣ። ሾፌሩ ክራቫት ያሰሩ ሰዎችና የተሰበሰበ ሰፈር ሲያይ ፍሬን ያዘ፤ ነባሩን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ በጎማው ገባ፣ ወጣ፣ በእጁ ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ። ሌላ መጣ፤ እሱም እንደዚያው። በዓመት አንድ ቀን የማያሳዩትን ጨዋነት ሁሉ ያን ጠዋት አጠራቀሙት። ልብስ ሰፊዋ ቆሽቷ አረረ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

በዚህ ጊዜ የበትሩን ድምፅ ሰማች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ወንድሟ ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ በጠርዙ ላይ እየመጣ ነው። ሰው መሰብሰቡን አልነገረችውም። ሰዉም ጭብጨባውን ጨርሶ ፀጥ ስላለ ምንም አልሰማም። ኃላፊው አየውና ዐይኑ በትሩ ላይ ቆመ። ያለመችው ሁሉ አንድ በአንድ እየሆነ ነበር።

ከመታጠፊያው የወጣው ግን ታክሲ አልነበረም። የጭነት መኪና ነው፣ አሸዋ የጫነ፣ ቁልቁለቱን ይዞ የመጣ። ሾፌሩ ሰዉንም ክራቫቱንም አላየም፤ ያየው ነባሩን ብቻ ነው። መሪውን ወደ ጠርዙ ሰበረ። ወንድሟ ቆመ። ራሱን ዘንበል አድርጎ ማዳመጥ ጀመረ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ድምፁን እየለካ ነበር። ኃላፊው አፉን ከፍቶ ያያል። ይሄው ነው የፈለገችው። ልቧ «ተይው፣ ሰውየው ይይ» አላት። እግሯ ግን ልቧን አልሰማም። ሮጣ ሄዳ በሁለት እጇ ክንዱን ጨምድዳ ወደ አጥሩ ጎተተችው፤ በትሩ ከእጁ ወደቀ። የጭነት መኪናው ነፋሱን በላያቸው ላይ ነፍቶ አለፈ።

ባትይዘው ይገጨው ነበር ወይ? ራሱ ወደ ኋላ ይል ነበር ወይ? አሁን ማንም አያውቀውም። ኃላፊው ያየው አንዲት ሴት አንድ ዐይነ ስውር ሰው በክንዱ ይዛ ዞር ስታደርግ ነው።

«ጎሽ፣ ጎሽ» አለ ትንፋሹን እየመለሰ። «ሰው አለው። ይሄ ነው እንግዲህ የዚህ ሰፈር መረዳዳት፣ አላልኩም?» ወደ መሐንዲሱ ዞረ። «ጉድጓዱን በሚቀጥለው በጀት ያዘው። አስቸኳይ የሚባል እንኳ አይደለም፤ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።» መሐንዲሱ ጻፈ።

ወንድሟ ከአጥሩ እንደተደገፈ ፊቱን ወዲህና ወዲያ አዞረ። አሁን የሰዉን ድምፅ ሰምቷል፤ ብዙ ሰው እንዳለ ገብቶታል።

«እትዬ፣ ማን ማን ነው ያለው?» አላት ቀስ ብሎ።

የመለሱለት መቶ አለቃ ናቸው፣ የምስክር ወረቀቱን ደረታቸው ላይ እንደያዙ፣ ሊያጽናኑት ብለው። «አይዞህ ልጄ፣ ከቢሮ ነው። እህትህ አንተ ስትሄድ እንዲያዩህ ብላ ነው በዚህ ሰዓት ያስመጣቻቸው። ላንተ ብላ ነው።»

ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። ቀስ ብሎ ክንዱን ከእጇ አወጣ፣ ጎንበስ ብሎ በትሩን ዳብሶ አነሳና አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ያወጣውን ክንድ መልሶ ሰጣት። ሆስፒታሉ በር ድረስ እንደዚያው ሄዱ። መንገድ ላይ ተሳስታ እንደሆነ፣ አስባ እንዳልሆነ ልትነግረው ብዙ ጊዜ አፏን ከፈተች። የምትለው ሁሉ ውሸት ይሆንባታል፤ አስባ ነው ያደረገችው፣ በደንብ አስባ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ስወጣ እዚሁ ልጠብቅሽ?» አላት፤ ማታ ማለቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቦርሳውን አየች፤ በትሩ የለም። ወደ ውስጥ ብትመለከት ከአልጋው ራስጌ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«በትርህን ረሳህ» አለችው።

«አልረሳሁም» አላት። «ምን ያደርግልኛል? አንቺ አለሽ አይደል።»

በድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈለገች። ቢቆጣ የምትለው ነበራት፤ ተጣልተው፣ ተኮራርፈው፣ ታርቀው ያልፍላት ነበር። ቁጣ የለም። ሱቋ ውስጥ ለዛሬ የተቀጠሩ ልብሶች ተቆልለዋል፣ ደንበኛ በር ላይ ይጠብቃታል፣ እሱ ደግሞ ክንዱን ዘርግቶላት ቆሟል። ያዘችው።

መቶ አለቃ ከበራቸው ሆነው አዩዋቸውና ፊታቸው በራ። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። «እኛም አሁን ተገላገልን። ብቻውን ሲሄድ ባየን ቁጥር ልባችን እየተንጠለጠለ ነበር እኮ።» የተናገሩት ከልባቸው ነው። ልብስ ሰፊዋ ሰላምታ እንኳ አልሰጠቻቸውም፤ አፏን ብትከፍት ምን እንደሚወጣ ፈርታለች።

ነባሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ታክሲ ከመታጠፊያው ወጣና እንደልማዱ ውሃውን ሸሽቶ ወደ ጠርዙ መጣባቸው። ወንድሟ ሰምቶታል፤ እሷ እንኳ ሳታየው ነው የእሱ ጆሮ የሚሰማው። ድሮ ቢሆን ቆም ብሎ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ይለካው ነበር። አሁን አልቆመም፣ ራሱንም አላዘነበለም። ወደ አጥሩ ሳበችው፤ እሷ በሳበችው በኩል ዝም ብሎ መጣላት።